በመኪና ቦዲ ላይ የተጻፈ የቀለም ማርከር ስለ ማስለቀቅ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን የዛሬውን ርእስ ሲያስተዋውቁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። «ዕድር ለቀብርና ለማስተዛዘን የተቋቋመ ነው፤ የመኪና እድፍ ምን አገባው?» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ ነገሩ የተነሣው ከራሳችን ድንኳን ሥር ነው። ሁለት ጎረቤታሞችን እስከ ዛሬ አኳርፏል፤ የአንድ አባላችንንም የዕለት እንጀራ ነክቷል። ስለዚህ ኮሚቴው ተነጋግሮበት ለአባላት እንዲገለጽ፣ በመጽሔታችንም እንዲወጣ ወስኗል።

ለማያውቁት ነገሩን ባጭሩ እንግለጸው። ባለፈው ክረምት በአንድ ለቅሶ ላይ ንብረት ክፍላችን አዲስ የተገዙትን የፕላስቲክ ወንበሮች በነጭ የቀለም ማርከር ቁጥር ይጽፍባቸው ነበር፤ ወንበር ከለቅሶ ቤት ሳይቆጠር እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለንና። ማርከሩ ከጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ ልጆች እጅ ገባ። ልጅ እንግዲህ ልጅ ነው፤ አዋቂው ድንኳን ውስጥ ሲያለቅስ እነሱ በር ላይ የቆሙትን መኪኖች ጥቁር ሰሌዳ አደረጓቸው። በሦስት መኪኖች ላይ ተጻፈ። በአንደኛው ላይ ፊደል፣ በሁለተኛው ላይ የእግር ኳስ ቡድን ስም፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ፍየል ይሁን አንበሳ የማይለይ ዓይኑ የፈጠጠ አውሬ።

ከሦስቱ መኪኖች ሁለቱ ዛሬ ንጹሕ ናቸው። አውሬው የተሣለበት ሦስተኛው ግን የአባላችን የሥራ ሚኒባስ ነው። በዚያኑ ዕለት ማታ አንድ ጎረቤት «እኔ አስለቅቅልሃለሁ፣ ምን ያስጨንቅሃል» ብሎ በቀና ልብ ቲነር በጨርቅ ነክሮ ፈተገው። አውሬው ለቀቀ። ከአውሬውም ጋር የመኪናው ቀለም አብሮ ለቀቀ። የማርከሩ ሥዕል ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ነበር፤ የተላጠው ግን አንድ ትሪ የሚያህል ቦታ ነው፤ ሥሩ ያለው ስቱኮ ፍጥጥ ብሎ ታየ። ከዚያ በኋላ ገራዥ መግባት መጣ። መኪናው በቆመበት ቀን ሁሉ ገቢ የለም። የተላጠው ብቻ ተቀብቶ እንዳይወጣ አዲሱ ቀለም ፀሐይ ከመታው ከአሮጌው ጋር አልገጥም አለ፤ በሩ በሙሉ ተቀባ። ወጪውን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ባለ መኪናውና ሊረዳ የመጣው ጎረቤት ተቀያየሙ። ያስቀየማቸው ማርከር እንዳይመስላችሁ፤ ቲነር ነው። እኛም ዛሬ የምንናገረው ይህ ነገር እንዳይደገም ነው።

እኛ መካኒክ አይደለንም፤ ቀለም ቀቢም አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ስንሠራ ከቀለም ጋር ውለን ከቀለም ጋር አምሽተናል። የስቴንስል ማባዣ ቀለም እጅ ላይ ሲቀር በሳሙና ብቻ አይለቅም፤ ትንሽ ላምባ ወይም የምግብ ዘይት ቀብተው ካሹት በኋላ ሳሙና ሲከተለው ግን ይወጣል። የማኅተም ቀለም ደግሞ ዘይቱን ከምንም አይቆጥረውም፤ እሱ አልኮል ይፈልጋል። ቀለም ሁሉ የየራሱ ፈቺ እንዳለው ያወቅነው በዚያ ነው። ለዛሬው ንግግርም ቢሆን ዝም ብለን አልመጣንም። ብዙ ዘመን ቀለም ሲቀባ የኖረ አንድ የሰፈራችን ባለሙያ ጠይቀናል፤ እሱም የተጣለ የመኪና በር ሰጥቶን በዚያ ላይ እየጻፍን እያስለቀቅን ሞክረናል። ጎረቤቶቻችን በግቢያችን አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲስቁብን ከረሙ፤ ምንም አይደል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ።

ማርከር የሚባለው ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። አንደኛው ቢሮ የምናውቀው፣ ካርቶን ላይ የሚጻፍበት ቋሚ ማርከር ነው። እሱ ውስጡ ያለው በአልኮል የተበጠበጠ ማቅለሚያ ነው፤ ስስ ነው፤ በአልኮልም ይፈታል። ሁለተኛው የቀለም ማርከር የሚባለው ነው። ይህ እውነተኛ ቀለም ነው፤ የግድግዳ ወይም የብረት ቀለም በእስክርቢቶ መልክ ታሽጎ የመጣ ብላችሁ ውሰዱት። የተፈጨ ማቅለሚያ አለው፤ ያን ማቅለሚያ ከዕቃው ጋር የሚያጣብቅ ሙጫ አለው፤ ሙጫውን የሚያቀጥን ፈሳሽ አለው። ፈሳሹ በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ይሄዳል፤ ሙጫው ይቀርና እንደ ስስ ቆዳ ይደርቃል። ሁለቱን ለመለየት ማርከሩን ጆሮ አጠገብ አድርጎ መነቅነቅ ነው። ውስጡ ኳስ «ቋ ቋ» ካለ የቀለም ማርከር ነው፤ ኳሷ የተቀመጠችው ሥር የዘቀጠውን ቀለም እንድትበጠብጥ ነው።

የቀለም ማርከሩም ደግሞ ሁለት ወገን ነው። አንዱ በዘይት ቀለም መንገድ የተሠራ፣ ሲከፍቱት ሽታው ራስ የሚያዞር ነው። ሌላው በውሃ የተበጠበጠ ሲሆን ሽታው እምብዛም ነው። የውሃው ሳይደርቅ ከተደረሰበት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ውሃ አይመልሰውም፤ ለብ ያለ የሳሙና ውሃና አልኮል ያስፈልገዋል። የዘይቱ ከነጭራሹ ውሃ አያውቅም።

ታዲያ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ጨርቅ ወይም ቲነር ሳይሆን ማርከሩ ራሱ ነው። ማርከሩ ከተገኘ ይነቀነቃል፣ ይሸተታል፣ የተጻፈበት ይነበባል፤ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። በዚያ ቀን አንድ አባት ልጃቸውን እዚያው መንገድ ላይ ገረፉት። ልጁ ደንግጦ ማርከሩን ከቦይ ከተተው፤ ስንጠይቀውም «አላየሁም» ብሎ ድርቅ አለ። ንብረት ክፍላችን ማርከሩን የገዛው ከተለያየ ሱቅ ስለ ነበር የዘይት ይሁን የውሃ ሳናውቅ ሦስት ቀን አለፈን። ልጁ በለዘብታ ቢጠየቅ ኖሮ ማርከሩ በእጃችን ይገባ ነበር። ቁጣው ይደርሳል እኮ!

ቀኑ ባለፈ መጠን ሥራው ይከብዳል። ሙጫው በፀሐይ ይጠነክራል። የእኛ ከተማ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ያለች ናት፤ ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የማይታየው የፀሐይ ጨረር በመቶ 10 ያህል እንደሚጨምር ባለሙያዎች ይናገራሉ። የመኪና ጣራና ኮፈን ቀለም ቶሎ የሚነጣውም በዚህ ነው። እንግዲህ ማርከሩ የተጻፈው ኮፈን ላይ ከሆነ ዛሬ ነገ ማለት አይጠቅምም፤ በጥላ ያለ በር ላይ ከሆነ ግን አንድ ሌሊት ቢያድር ያን ያህል አይጎዳም። በችኮላ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ከመፈተግ ቢያድር ይሻላል።

አሁን ስለ መኪናው ቀለም። ፋብሪካው የቀባው መኪና ከብረቱ ጀምሮ ተደራራቢ ሽፋን አለው፤ ከሥር ዝገት መከላከያ፣ ከዚያ መሠረት፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ሽፋን፤ ቀቢዎች ክሊር ይሉታል። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የመዝገብ ቤት ሰው ስለ ሆንን በወረቀት እናስላው። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 100 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። እንግዲህ መኪናውን ከዝገት የሚጠብቀው ቀለም በሙሉ አንድ ወይም አንድ ተኩል ወረቀት ነው፤ የላዩ ክሊር ደግሞ የአንድ ወረቀት እኩሌታ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በድስት መፈተጊያ ሽቦ የሚፈትግ ሰው የሚፈትገው ይህችን ግማሽ ወረቀት ነው። አመድ ይዘው የመጡ እናትም ነበሩ፤ ብረት ድስት ያጸዳልና አይፈረድባቸውም፤ መኪና ግን ብረት ድስት አይደለም።

የፋብሪካ ቀለም በምድጃ ተጋግሮ ስለሚጠነክር አልኮልና አኳራጅ ለአጭር ጊዜ ቢነኩት ይችላል። የሰፈር ገራዥ የቀባው ግን እንደ ቀቢው፣ እንደ ቀለሙና እንደ ኪስ አቅም ይለያያል። ቶሎ የሚደርቀው፣ በቲነር የሚቀጥነው ቀለም ከተቀባ በኋላ ዓመታት ቢያልፉትም ቲነር ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል፤ ጠባዩ ነው፤ በምን ቀጠነና በዚያው ይፈታል። የአባላችን ሚኒባስ የደረሰበት ይኸው ነው። ሌሎቹ ሁለቱ መኪኖች ከፋብሪካ እንደ ወጡ ያሉ ስለ ነበሩ ያ ጎረቤት ቲነሩን እዚያ ላይ ቢሞክር ኖሮ ምናልባት ክሊሩ ደብዘዝ ብሎ ያልፍ ነበር፤ ያም ቢሆን አይመከርም።

ታዲያ መኪናችን በገራዥ የተቀባ መሆኑን በምን እናውቃለን? የገዛነው ካገለገለ በኋላ ከሆነ ሻጩ ሁልጊዜ እውነቱን አይነግርም። በሩን ክፈቱና የውስጡን ጠርዝ ከውጪው ጋር አስተያዩ፤ ቀለሙ ከተለያየ ተቀብቷል። የበሩና የመስኮቱ ጎማ ላይ የቀለም ፍንጣቂ ካለ ተቀብቷል። ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸካራ ከሆነ መጠርጠር ነው፤ ከፋብሪካም ጥቂት ሸካራ የሚወጣ አለና በዚህ ብቻ አትፍረዱ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ብታስጠጉ፣ ሥሩ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ አጥብቆ አይዝም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በማይታይ ቦታ መሞከር ነው። ከበሩ በታች ያለው ጠርዝ ወይም የነዳጅ መክደኛው ውስጥ ይመረጣል። ነጭ ጥጥ በምትጠቀሙበት ፈሳሽ ጥቂት አርሳችሁ ለአስር ሰከንድ ያህል ያዙበት፤ ከዚያ ጥጡን አገላብጣችሁ እዩ። ጥጡ የመኪናውን ቀለም ካነሣ፣ ወይም የነካችሁት ቦታ ካጣበቀ፣ ወይም ካደበዘዘ ያ ፈሳሽ ለዚያ መኪና አይሆንም፤ ወዲያው በሳሙና ውሃ እጠቡት። ምንም ካላነሣ ትቀጥላላችሁ። ይህን የአስር ሰከንድ ሙከራ ያ ጎረቤት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆመን ባልተናገርን።

ሥራው እንዲህ ነው። መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም፤ ብረቱም ይቀዝቅዝ። በጋለ ብረት ላይ ፈሳሹ ሥራውን ሳይሠራ ይተናል። በመጀመሪያ ቦታውን በብዙ ውሃና በለዘብተኛ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። አቧራው ሳይወርድ ማሸት ማለት በአሸዋ መፈተግ ማለት ነው፤ በኋላ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ኦሞ ለልብስ ነው፤ የመኪናውን ሰም ይገፋል፣ ሲደጋገምም ቀለሙን ያደበዝዛል። በረኪናማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ማርከሩን አይነካውም፤ ብረቱንና እጃችሁን ግን ይነካል።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያው ፈሳሽ አልኮል ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው 70 በመቶ የሚባለው ይበቃል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በየቤቱ የተከማቸ ነው። እንደ አጥሚት የወፈረውን የእጅ ሳኒታይዘር ሳይሆን ፈሳሹን ውሰዱ፤ ወፍራሙ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ስለሆነ ያጨማልቃል። ጥጡን አርሳችሁ ጽሑፉ ላይ አሳርፉ፤ አምስት ስድስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ከዚያ ከጽሑፉ ዳር ወደ መሐል አንሡት። ከመሐል ወደ ዳር ከሆነ እድፉን ማስፋት ነው። ጥጥ ሲቆሽሽ ይጣል፤ በቆሸሸ ጥጥ መቀጠል አንዱን ፊደል ወደ ደመና መለወጥ ነው። ሌላ ሰው ሠርቶት ያየነው አንድ መኪና ላይ «ሀ» የነበረችው በአንድ ጥጥ ንፍገት የበሩን እኩሌታ አንጥታዋለች።

በየሁለት ሦስት ጊዜው በሳሙና ውሃ አጥባችሁ እዩት። ተራ ማርከር ወይም የውሃው የቀለም ማርከር ከሆነ እዚሁ ላይ ያልቃል። ፊደል የተጻፈበት መኪና በዚሁ ጸድቷል፤ ከቡና ሰዓት እስከ ምሳ ሰዓት አልወሰደም።

አልኮሉ ጥቂት ብቻ አደብዝዞ ከቆመ ሁለተኛው አኳራጅ ነው፤ ለቤት የዘይት ቀለም ማቅጠኛ የምንገዛው ማለታችን ነው። ቲነርና አኳራጅን የምታምታቱ አትጥፉ፤ ሱቅ ስትገዙ ስሙን ጥሩ፣ ሽተቱም። ቲነር አፍንጫን ይመታል፣ ቶሎም ይተናል፤ አኳራጅ ዘይትነት አለው፣ ዝግ ብሎ ይሠራል። ለዚህ ሥራ ጥቅሙ ዝግታው ነው፤ ስትሳሳቱ ጊዜ ይሰጣችኋል። ይህም እንደ አልኮሉ በማይታይ ቦታ ይሞከር፤ ጥጡም በየጊዜው ይለወጥ። ያረጀ ካናቴራ ከሌላ ጨርቅ ሁሉ ይሻላል፤ ለስላሳ ነው። በአሮጌው በር ላይ ስንሞክር የዘይቱ ማርከር በአልኮል ጥቂት ደበዘዘ፤ በአኳራጅ አምስት ጊዜ ተመላልሰንበት ለቀቀ። ቲነር በአንድ ጊዜ አነሣው፤ በሩንም ይዞት ሄደ።

መሐል ላይ የወፈረ ቦታ ካለ በጥፍር ወይም በስልክ ካርድ ጠርዝ ቀስ ብሎ መግፋት ይቻላል። ቢላዋና ምላጭ ግን ከመስተዋት በቀር የትም አይንኩ።

ከዚህም ሁሉ በኋላ በሰያፍ ሲያዩት ጥላ የመሰለ ነገር ይቀራል። ያን ጊዜ ሦስተኛው ኮምፓውንድ የሚሉት ክሬም ነው፤ በጣም የደቀቀ አሸዋ በቅባት እንደማለት ነው። ደቃቁን አይነት ግዙ፤ ሻካራው ለቀቢ ነው። ጥቂት ብቻ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ጽሑፉ ባለበት ብቻ አሽታችሁ ጥረጉ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም መያዝ ከጀመረ ያ መኪና ላዩ ላይ ክሊር የለውም ማለት ነው፤ እያሻችሁት ያላችሁት ራሱን ቀለሙን ነውና ጥላው ቢቀርም አቁሙ። የጥርስ ሳሙና እንዴት ነው ላላችሁን፣ እሱም በመጠኑ የሚፈትግ ነገር አለበት፤ ለትንሽ ጥላ ሊረዳ ይችላል፤ ግን ምን ያህል እንደሚፈትግ ቱቦው ላይ አይነግራችሁም። የኳስ ቡድኑ ስም የተጻፈበት መኪና በአኳራጅና በኮምፓውንድ ጸድቷል። የጠዋት ፀሐይ በጎን ሲመታው የሚያውቅ ሰው አንዲት ፊደል ያገኛል፤ ባለቤቱ «ይኸ ምን ይለኛል» ብለው ተዉት። እኛም ደግ አደረጉ እንላለን።

በመጨረሻ ቦታው ታጥቦ ሰም ይቀባ። ፈሳሾቹ ሰሙን አንሥተውታልና ካልተተካ ያ ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይነጣል።

ጥቂት ልዩ ቦታዎች አሉ። መስተዋት ቀላል ነው፤ «ይሸጣል» ብላችሁ ስልክ የጻፋችሁበትን ጨምሮ በአልኮል ይለቃል፤ ካልለቀቀም መስተዋቱን በሳሙና አርሶ ምላጭ አስተኝቶ መግፋት ነው። የኋላ መስተዋት ከውስጥ በኩል የማሞቂያ ሽቦ መስመር ካለው ግን በውስጥ በኩል ምላጭ አይቻልም። የፊት መብራት አሁን አሁን ፕላስቲክ ነው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶንና ቲነር ፕላስቲኩን ያነጡታል፣ ይሰነጣጥቁታል፤ ለዚያ የሳሙና ውሃ፣ ቢበዛ አልኮል በጥቂቱ። ያልተቀባ ጥቁር ፓራውልት ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ቀለሙን ይመጥጣል፤ በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ የሚቻለውን ያህል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ሰሌዳ ቁጥር ላይ ከሳሙና ውሃ በቀር ምንም አታድርጉ፤ ፊደሉ ከለቀቀ ከትራፊክ ጋር ሌላ ጉዳይ ይመጣል። የተለጠፈ ስቲከርም እንደዚሁ። መኪናው ከተቀባ ወር ያልሞላው ከሆነ ቀለሙ ገና አልጠናምና ራሱን ቀቢውን መጥራት ነው።

በስብሰባው ዋዜማ አንድ ወንድማችን የፍሬን ዘይት እንደሚያስለቅቅ ነግሮን ነበር። እውነት ነው፣ ያስለቅቃል። የመኪና ቀለም በሙሉ ያስለቅቃል፤ መካኒኮች ኮፈን ላይ እንዳይፈስ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። ቤንዚንም ያው ነው፤ አንዳንዱን ያነሣል፣ ቦታውን ያደበዝዛል፣ ከዚያም እሳት አለው።

አሁን ከመኪናው ቀለም ይልቅ ወደምንፈራው ነገር መጣን። መኪና ተበላሽቶ ይቀባል። ቲነር፣ አኳራጅ፣ ቤንዚን፣ ላምባ በየቤታችን የሚቀመጡት በምንድን ነው? በሃይላንድ ጠርሙስ ነው! ውሃ በምንጠጣበት ጠርሙስ! ቲነር ደግሞ መልኩ እንደ ውሃ ነው። ከሱቅም በዚያው እየተቀዳ ይሸጣል። ልጅ ከጨዋታ ደክሞ ሲገባ ከመደርደሪያ ሥር ያለውን አንሥቶ ቢጎነጭ ምን ይፈረድበታል? እንግዲህ በዚህ ዕድር ውስጥ ስንት ሬሣ አብረን ሸኝተናል፤ የልጅ ሬሣ ምን እንደሚከብድ የማያውቅ የለም። ስለዚህ በመጣበት ቆርቆሮ ይቀመጥ፤ ቆርቆሮ ከሌለ በመጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይሁን፤ ስሙ ይጻፍበት፤ ልጅ ከማይደርስበት ተቆልፎ ይቀመጥ። አያድርገውና ልጅ ከጠጣ ለማስታወክ ጣት አትክተቱበት። ፈሳሹ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባና ከሆድ ይልቅ ሳንባን ይጎዳል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ፤ ሐኪሙ ምን እንደተጠጣ ማየት አለበት።

እሳቱንም አትርሱ። የእነዚህ ፈሳሾች ትነት፣ በተለይ የቲነርና የቤንዚን፣ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት ይሳባል። እናንተ በር ላይ መኪና ስታሹ እመቤቲቱ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ብታፈላ ትነቱ ተስቦ ከከሰሉ ሊደርስ ይችላል። አልኮልም ቢሆን ይነዳል፤ ቀን ሲሆን ነበልባሉ ለዓይን በደንብ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከቤት ውጪ ይሁን፤ ከሰልና ሲጋራ ይራቅ፤ የተነከረው ጥጥና ጨርቅ ውጪ ተዘርግቶ ይድረቅ እንጂ ተጠቅልሎ ከምድጃ ሥር አይጣል። ጓንት አድርጉ። ነፍሰ ጡሮችና አስም ያለባቸው ከዚያ ይራቁ።

ስለ ሚኒባሱ ወጪ የጠየቃችሁን አባላት አላችሁ። ያን የሚወስነው ኮሚቴው ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ነውና እኛ እዚህ አንናገርበትም። ዕድሩ ለጊዜው ያደረገው ይህን ነው። በንብረት ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ሊትር አልኮል፣ አንድ ቆርቆሮ አኳራጅ፣ አንድ ጥቅል ጥጥ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ አንድ ቆርቆሮ ደቃቅ ኮምፓውንድና ስድስት ያረጁ ካናቴራዎች ተቀምጠዋል፤ ካናቴራዎቹ የኮሚቴው አባላት ናቸው፣ ታጥበዋል። በአጠገባቸውም ይህ ንግግር ባጭሩ ተጽፎ ተለጥፏል። የተጻፈበት መኪና ያለው አባል በራሱ ከመፈተጉ በፊት መጥቶ ይጠይቅ፤ ክፍያ የለውም። ቲነር ግን አላስገባንም።

ማርከሮቹንም ቆጥረናል፤ አራት ናቸው፤ ሁለት የዘይት፣ ሁለት የውሃ። በየጎናቸው አይነታቸውን ጽፈንባቸዋል። ለማርከር አንድ ደብተር ከፍተናል፤ የወሰደ ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል፤ ሲመልስም ይፈርማል። ቁልፉ ከንብረት ያዣችን ዘንድ ነው፤ እሳቸው ከሌሉ ከጸሐፊው ጋር ይገኛል።